ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ዘመን

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ስትሉኝ «የአንድ ሂፒ መርማሪ ታሪክ» አልኳችሁና ሳቃችሁብኝ። ሳቁ ይገባኛል። ግን አንዴ ስለነካካችሁኝ ዛሬ በዋዛ አልለቃችሁም። መጽሐፉ የአሜሪካዊው ቶማስ ፒንቾን «ኢንሄረንት ቫይስ» ነው፤ በፈረንጆቹ 2009 የታተመ፣ ወደ 370 ገጽ የሚጠጋ የወንጀል ምርመራ ልብወለድ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሁለቴም መሐል ላይ ጠፍቻለሁ። በሁለተኛው ግን የጠፋሁት በስንፍናዬ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰውየው ሆን ብሎ ነው የሚያጠፋን። ገዳዩን ስንፈልግ ባክነን፣ ባክነን፣ በመጨረሻ ቀና ስንል የተገደለው ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ዘመን እንደሆነ እንድናይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። እኛ «ሰባዎቹ» ሲባል ጆሯችን ወደ ደርግ ነው የሚሮጠው። የፈረንጆቹ ሰባዎቹ ሌላ ናቸው። ይህ ታሪክ የሚሄደው በ1970 የጸደይ ወራት ነው፤ በእኛ 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው የተገደለበት ዓመት። የግድግዳችን ካላንደር ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ስለሚያትምልን እንዲህ ያለ ሒሳብ አይከብደንም። ከዚህ በኋላ የምጠራው ቀን ሁሉ ግን የፈረንጅ ነው።

ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ጎርዲታ ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር። ጎርዲታ ቢችን ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ፒንቾን በስድሳዎቹ መጨረሻ የኖረባት ማንሃተን ቢች ናት፣ ስሟን ቀይራ የመጣች። እዚያው ከተማ ያላችሁ፣ ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ተቀምጣችሁ ማኪያቶ የምትጠጡ ወገኖች፣ ትራፊኩ ከፈቀደላችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ። (ሊትል ኢትዮጵያን ግን መጽሐፉ ውስጥ አትፈልጓት፤ ስሙን ያገኘችው በ2002 ነው።)

መርማሪው ላሪ ስፖርቴሎ ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ዶክ» እያለ ነው። ቢሮው ሐኪም የሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የምርመራ ድርጅቱንም «ኤልኤስዲ» ብሎ ሰይሞታል። ሲጠየቅ ሦስቱ ፊደላት የሰው አድራሻ ማፈላለግን፣ ክትትልንና ምርመራን ይወክላሉ ይላል። ዘመኑ ግን ፊደላቱን የሚያውቃቸው በሌላ ነው፦ ወጣቱ ምላሱ ላይ አስቀምጦ ሌላ ዓለም የሚሄድበት፣ ካሊፎርኒያ በጥቅምት 1966 በሕግ የከለከለችው ዕፅ። ዶክ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ሰንደል የሚጎትት፣ ከነጋ እስከ መሸ ማሪዋና ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። እስቲ አስቡት፤ የመርማሪ ሀብቱ የማስታወስ ችሎታው ነው፣ የዚህኛው ትዝታ ደግሞ ጭስ።

ታሪኩ የሚጀምረው የቀድሞ ፍቅረኛው ሻስታ ሳይጠብቃት ቤቱ ስትከሰት ነው። ያቺ እንደ ልቧ ለብሳ የባሕር ዳሩን ስትዞር የሚያውቃት ልጅ የጨዋ ቤት ልጅ መስላ መጥታለች። አሁን ያለችው ሚኪ ዎልፍማን ከሚባል የሪል ስቴት ቱጃር ጋር ነው። የቱጃሩ ሚስትና የሚስቱ ውሽማ ሰውየውን አማኑኤል ዓይነት ቦታ አስገብተው ንብረቱን ሊጠቀልሉ መክረዋል፤ ሻስታንም ተባበሪን ብለዋታል። እርዳኝ ልትለው ነው የመጣችው። እሷን ተከትሎ ታሪቅ ካሊል የሚባል ከእስር የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ይመጣል፤ እስር ቤት አብሮት የነበረ ነጭ ዕዳ አለበት፣ ፈልግልኝ ይላል። ባለ ዕዳው ከሚኪ ዎልፍማን ጠባቂዎች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ዶክ ፍለጋ ሄዶ አንዱ ከኋላ ጭንቅላቱን ይለዋል። ሲነቃ ጠባቂው ተገድሏል፣ ሚኪ ተሰውሯል፣ ከላዩ ቆሞ ቁልቁል የሚያየው ደግሞ ቢግፉት ቢዮርንሰን የሚባል፣ ሂፒ ሲያይ ደሙ የሚፈላ መርማሪ ፖሊስ ነው። ብዙም ሳይቆይ የሻስታም ደብዛ ይጠፋል።

እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነው። ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 «ዘ ቢግ ስሊፕ»ን ሲያወጣ ያቆመው ቤት ነው፦ ብቸኛ መርማሪ፣ ምስጢር የያዘች ሴት፣ ገንዘብ ያበላሸው ቤተሰብ፣ እጁ ያልነጻ ፖሊስ። ያ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲቀየር ሾፌሩን ማን እንደገደለው ለፊልሙ ሰዎች አልገባ ብሏቸው ደራሲውን ጠየቁት፤ ቻንድለርም እኔም አላውቅም አለ ይባላል። ስለዚህ በሎስ አንጀለስ የምርመራ ታሪክ ውስጥ መጥፋት የቆየ ወግ ነው። ፒንቾን ወጉን ወስዶ ሂፒ አለበሰው፣ ከዚያም በትልቁ አጠፋን።

ትልቁ መጥፊያ «የወርቅ ክራንቻ» ነው። ይህን ስም ዶክ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ በተሰማ ቁጥር ግን ትርጉሙ ይለወጣል። መጀመሪያ መርከብ ነው፣ ባለ ሸራ፣ በሌሊት የሚመጣ የሚሄድ። ቀጥሎ ከኢንዶቻይና ሄሮይን የሚያስገባ ቡድን ይሆናል። ከዚያ ደግሞ፣ ይህን ስደርስበት ብቻዬን ነው የሳቅሁት፣ ግብር ለመሸሽ የተደራጁ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ነው ይባላል። ሕንፃቸው ራሱ የክራንቻ ቅርጽ አለው። ከሐኪሞቹ አንዱ አንገቱ ላይ ሁለት የተበሳ ቁስል ይዞ ሞቶ ይገኛል። ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድም ነው። ግን ቀልዱን ትንሽ ያዙትና ወደ አንዲት ሴት እንሂድ።

ሆፕ ሃርሊንገን ትባላለች። ባሏ ኮይ በአንድ የባሕር ዳር ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር፤ ሄሮይን አብዝቶ ሞተ ተብላለች። እሷ አላመነችም፤ ዶክን ፈልግልኝ ትለዋለች። ሁለቱም ሱሰኞች ነበሩ። ከሱሱ ብትወጣም ጥርሶቿን በልቶባታል፤ ፈገግ ስትል የሚታየው ሌላ የተተከለ ጥርስ ነው። ትንሿ ልጃቸው የጠባችው ጡት እንኳ ያ መርዝ ነበረበት። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ወደ ጥርስ ሐኪሞቹ ሕንፃ ስትመለሱ ሳቁ ጉሮሯችሁ ላይ ይቆማል። አንዱ እጅ ሄሮይኑን ይሸጥላችኋል፣ ሌላው እጅ ያረገፈውን ጥርስ ይተክልላችኋል፣ ሦስተኛው እጅ ከሱስ ማገገሚያ ውስጥ አስተኝቶ ያስከፍላችኋል። የማገገሚያው ስም የግሪክኛ ቃል መስሎ የተሠራ ነው፤ ሲፈታ እሱም ያው የወርቅ ክራንቻ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ስለ ንግድ ስግብግብነት ከተጻፉ ብዙ ቁም ነገረኛ መጻሕፍት ይልቅ ይህ የጥርስ ቀልድ ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ርዕሱ። «ኢንሄረንት ቫይስ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል ካየነው «አብሮ የተፈጠረ ነውር» ዓይነት ነገር ነው፤ ስለ ሥነ ምግባር የሚሰብክ መጽሐፍ ይመስላል። አይደለም። ቃሉ የኢንሹራንስ ነው፣ ያውም የመርከብ ጭነት ኢንሹራንስ። ኢንሹራንስ ቤት ብዙ ዓመት የሠራች ወዳጄን ጠየቅኋት። ስኒዋን አስቀምጣ እንዲህ አስረዳችኝ፦ እርጥበት የያዘ እህል መርከብ ላይ ጫንክ እንበል። ማዕበል አልመታውም፣ ውኃ አልገባበትም፣ እሳት አልነካውም፣ ሌባ አልደረሰበትም። ግን ከታች ከመርከቡ ሆድ ውስጥ እህሉ በራሱ ጊዜ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ወደብ ሲደርስ ይሸታል። ካሳ ብለህ ስትመጣ እኛ የምንጠይቀው ከውጭ ምን አገኘው ብለን ነው። ምንም ካላገኘው ጉዳቱ ይዞት የተሳፈረው ነው። «ያኔ አይከፈልህም» አለችና ስኒዋን አነሣች።

የእንግሊዝ የ1906 የባሕር መድን ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ካልሰፈረ በስተቀር ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ ለሚመጣ ጉዳት መድን ሰጪው ተጠያቂ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ለዶክ የሚያስረዳው ሳንቾ ስማይላክስ የሚባል የባሕር ሕግ ጠበቃ ጓደኛው ነው። ዶክ ሲሰማ የሚያነሣት ጥያቄ ነች መጽሐፉን የምትከፍተው፤ እንደ ጥንተ አብሶ ያለ ነገር ነው ወይ ይለዋል። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ድንቅ ቃል ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑ ያስደስተኛል። አዳም የበላት ፍሬ፣ ከውጭ የመጣ ሌባ ሳይሆን ከዘር ጋር የሚወርድ ነገር። እንግዲህ ጭነቱ እህል ሳይሆን ሙሉ ዘመን ቢሆንስ? ያ የአበባና የሰላም ዘመን፣ ወላጆቻችን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያዩት ፀጉረ ረጅም ትውልድ፣ ከውጭ የመታው ማዕበል ነው ያሰጠመው ወይስ ሲሳፈርም እርጥብ ነበር? የመጽሐፉ እውነተኛ ወንጀል ይህ ነው። ጠባቂውን ማን ገደለው የሚለው መንገድ ማሳያ ብቻ ነው።

የሂፒዎቹን ነገር ለምታውቁ አልደግምም፤ በአጭሩ፣ የአባቶቻቸውን ቤት፣ ሥራ፣ ጦርነትና ፀጉር አቆራረጥ አንቀበልም ያሉ ወጣቶች ናቸው። ቬትናም ጦርነቱ ነው፣ ሙዚቃው ሮክ ነው። በ1970 ጸደይ ግን ነገሩ ዞሯል። ነሐሴ 1969 ላይ የቻርልስ ማንሰን ተከታዮች እዚያው ሎስ አንጀለስ ተዋናይቷን ሻሮን ቴትንና ቤቷ የነበሩ አራት ሰዎችን ገደሉ፣ በማግስቱ ሌሊት ሌሎች ባልና ሚስት ጨመሩ። ገዳዮቹ ፀጉረ ረጅሞች፣ በጋራ የሚኖሩ፣ ዕፅ የሚወስዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተራው ነዋሪ ሂፒ ሲያይ በሩን መቀርቀር ጀመረ። ፒንቾን ይህን በሐተታ አይነግረንም፤ በአንዲት የመንገድ ዳር ፍተሻ ያሳየናል። ፖሊስ የእነ ዶክን መኪና ያስቆማል። ምን አጠፋን ሲሉ አዲስ መመሪያ መውጣቱ ይነገራቸዋል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው አንድ ላይ ከተገኘ ሊፈጠር ያለ የአምልኮ ቡድን ሊሆን ይችላል። መኪና ውስጥ ሦስት ጓደኛማቾች! ፌዝ ነው፣ ግን በትልልቅ ፍርሃት ማግስት መመሪያ እንዴት እንደሚረቀቅ ለሚያውቅ ሰው የሚያስቀው ግማሹ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ታሪካዊ» የምርመራ ልብወለድ ከተራው የሚለየው። በተራው የምርመራ ታሪክ መርማሪው ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፤ እኛ ኋላ ኋላ እንጎተታለን። በታሪካዊው ግን ገጸ ባሕሪው የማያውቀውን ነገ እኛ እናውቀዋለን። ዶክ የ1970 ሰው ነው። ፒንቾን የሚጽፈው አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። በመካከል ያለው ክፍተት የመጽሐፉ ሞተር ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሲሠራ ላሳያችሁ።

አንደኛው፣ ኮይ ሃርሊንገን አልሞተም። ዶክ ያገኘዋል። ሳክስፎኑን የተወው ጆሮ ጠቢ ሆኖ ነው። ከሱስ እናወጣሃለን፣ አገርህን ታገለግላለህ ብለው ወሰዱት፤ ሞተ አስባሉት፤ ከዚያ አንድ ቀን ሂፒ አስመስለው፣ ሌላ ቀን ተቃዋሚ አስመስለው እየላኩ ያሰልሉታል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ባሉበት ስብሰባ ላይ እንኳ ጯሂ ሆኖ ይገኛል፣ በተከፈለው ጩኸት። አሁን ወደ ሚስቱና ልጁ መመለስ ይፈልጋል፣ ግን የሚለቁት አይደሉም። ዶክ ነገሩን ሲያስረዱት የሚያስበው፣ ምናልባት ጭሱ ነው እንዲህ የሚያሳስበኝ፣ ምናልባት ፈርቼ ነው ብሎ ነው። እኛ ግን እናውቃለን። ኤፍቢአይ ከ1956 ጀምሮ «ኮይንቴልፕሮ» በሚል ምስጢራዊ ስም ተቃዋሚዎችን ሲሰልል፣ ሲያጣላ፣ ውስጣቸው ሰው ሲያስገባ ነበር። ይህ የታወቀው መጋቢት 8 ቀን 1971 ነው፤ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር በሚጋጠሙበት ሌሊት፣ ዓለም ሁሉ ጆሮው ቡጢው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ሰዎች ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሚዲያ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለውን የኤፍቢአይ ቢሮ ሰብረው ገቡና ሰነዱን ይዘው ወጡ። ከዶክ ታሪክ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። ዶክ የዕፅ ቅዠት ነው ብሎ የሚተወው እኛ በማኅደር የምናውቀው ነገር ነው። ፒንቾን ይህን በገጹ ላይ አይጽፈውም። አንባቢው ራሱ ይዞት ይመጣል ብሎ ይተማመናል።

ሁለተኛው ሳቅ ያለበት ነው። ዶክ መርማሪ ከመሆኑ በፊት ዕዳ ጥለው የሚሰወሩ ሰዎችን እያሳደደ ያስከፍል ነበር፤ የድሮ አለቃው ፍሪትዝ አሁንም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። አንድ ቀን ዶክ ሲሄድ ፍሪትዝ አንድ ማሽን ላይ አፍጥጦ ያገኘዋል። አርፓኔት ይባላል። ሰውን ከዚያ ውስጥ ይፈልገዋል፣ አድራሻ፣ ዕዳ፣ መዝገብ፣ ሁሉንም። አርፓኔት ልብወለድ አይደለም፤ የዛሬው ኢንተርኔት ቅድመ አያት ነው። የመጀመሪያው መልእክት ጥቅምት 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ተላከ፤ ሊጻፍ የታሰበው «ሎግኢን» ነበር፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ፊደላት እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ። በዓመቱ መጨረሻ የተገናኙት ጣቢያዎች አራት ብቻ ነበሩ። ዶክ ማሽኑን ሲያይ የሚያሳስበው፣ ሰው እዚያ ውስጥ ያሻውን እንደሚያገኝ መንግሥት ሲደርስበት እንደ ኤልኤስዲ አይከለክለውም ወይ የሚል ነው። የዋህነቱ አያልቅም! ስልኬን ይዤ ነበር ይህን ገጽ ያነበብኩት፤ በዚያው ቅጽበት ከአንድ መተግበሪያ ያለሁበትን ቦታ እንድፈቅድለት የሚጠይቅ መልእክት መጣልኝ። አሳዳጁና ሰው ፈላጊው ማሽን ከዕዳ አስከፋይ ቢሮ መጀመሩን ፒንቾን ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም።

ስለ መሬቱ ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ቅር ይለኛል፤ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው። ታሪቅ ካሊል ከእስር ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ሰፈሩ የለም። ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ልጆቹ የሚቆሙበት ማዕዘን፣ ሁሉም ተደርምሶ የሚኪ ዎልፍማን አዲስ መኖሪያ ቤቶች ሊተከሉበት ነው። በእኛ ቋንቋ የልማት ተነሺ ነው፣ ምትክ ያልተሰጠው። ዶክም ይህንን ከከተማዋ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። ቻቬዝ ራቪን የሚባለው ኮረብታ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ሰፈር ነበር፤ በሃምሳዎቹ አስነሧቸው፣ የመጨረሻዎቹን በ1959 ፖሊስ ተሸክሞ አወጣቸው፣ በ1962 ዶጀር ስታዲየም ተከፈተበት። ቡንከር ሂል የነበሩ ደሃ ነዋሪዎች ተነሡ፣ በ1964 የሙዚቃ ማዕከሉ ቆመበት። ፒንቾን ይህን ከሩቅ የሰማ ሰው አይደለም። በነሐሴ 1965 ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተቃጥሎ 34 ሰው ከሞተ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ ለኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት በ1966 ጽፎበታል፤ ይህ ከሰው ፊት የሚሸሽ ደራሲ ካተማቸው ጥቂት የጋዜጠኝነት ሥራዎች አንዱ ነው።

መጽሐፉ ሲከፈት ከፊቱ ያስቀመጠው በግንቦት 1968 የፓሪስ ተማሪዎች ግድግዳ ላይ የጻፉትን መፈክር ነው። መንፈሱ፣ የነጠፈውን ድንጋይ ብታነሡት ከሥሩ የባሕር አሸዋ አለ የሚል ነው። ለፓሪሱ ተማሪ ተስፋ ነበር። ለሎስ አንጀለስ ሲመጣ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ አሸዋው አለ፣ ሰዎች ተኝተውበታል፣ የሚመጣው ድንጋዩ ነው።

ሚኪ ዎልፍማንን ራሱን እንየው። ዕፅ ወስዶ ይሁን ኅሊናው ነቅቶ፣ አንድ ቀን ይጸጸታል። ሕይወቱን ሙሉ ሰውን ለመጠለያ እያስከፈለ መኖሩ ያንቀጠቅጠዋል። በረሃ ላይ ማንም በነጻ የሚኖርበት ከተማ ሊሠራ ይጀምራል፤ ስሙንም በስፓኒሽ «ንስሐ» እንደማለት ብሎታል። ለዚህ ነው የተሰወረው። ገንዘቡ ሲበተን ማየት ያልቻሉ ሰዎች ወስደው አእምሮውን «አስተካክለውለት» ወደ ቀድሞ ሥራው መልሰውታል፤ በረሃው ላይ ግማሽ የቆመ ሰፈር ቀርቷል። እርጥቡን እህል አስታወሳችሁ?

ቀኑን እንዴት አወቅነው የምትሉ አትጠፉም። ገጸ ባሕርያቱ ቴሌቪዥን ሲያዩ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ በጀርባ ያልፋል፣ የሎስ አንጀለስ ሌከርስና የኒው ዮርክ ኒክስ። ይህ የእውነት ነው። የ1970ው ፍጻሜ ሰባት ጨዋታ ፈጅቶ ግንቦት 8 ቀን ኒክስ 113 ለ 99 አሸነፉ። አንባቢዎች ጨዋታዎቹን እየቆጠሩ የመጽሐፉን ካላንደር ሠርተዋል። እኔም በሁለተኛው ንባቤ ከግድግዳ ካላንደራችን ጀርባ ላይ በእርሳስ አሰመርኩት። በዚያች ግንቦት 8 ፒንቾን ራሱ 33 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ይህን ስታዩ የምትሉትን በሉ። ከአራት ቀን በፊት፣ ግንቦት 4፣ ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወታደሮች አራት ተማሪዎችን ተኩሰው ገድለው ነበር። የሌከርስ ተጫዋቾች ኳስ ሲያነጥሩ አገሩ እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙን ከመጽሐፉ በፊት ልየው ላላችሁኝ፣ አለ፤ ፖል ቶማስ አንደርሰን በ2014 ሠርቶታል፣ ዋኪን ፊኒክስ ዶክን፣ ጆሽ ብሮሊን ቢግፉትን ሆነው። ያምራል። ብሮሊን በቸኮሌት የተነከረ የቀዘቀዘ ሙዝ ሲበላ የሚያሳየውን ትዕይንት እዩት፤ ያ ፖሊስ ለምን እንዲህ እንደሚቆጣ ግን መጽሐፉ ነው የሚነግራችሁ። የሥራ ጓደኛው ተገድሎበታል፣ የገዛ መሥሪያ ቤቱም ነገሩን ሸፍኖታል። ሂፒ ጠል የሚባለው ሰው በስውር ዶክን እየገፋ ያንን ደም እንዲያወጣለት ይፈልጋል። ሁለቱ የሚጠላሉ ሰዎች ተመሳሳይ ሐዘን እንዳላቸው ስረዳ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ።

መጨረሻውን ሙሉ አልነግራችሁም፣ ግን አንዱን ላፍስሰው። ዶክ እጁ ላይ የወደቀ ብዙ ሄሮይን አለ፤ ሊሸጠው፣ ሊያቃጥለው፣ ለፖሊስ ሊሰጠው ይችላል። እሱ ግን ከባለቤቶቹ ወኪል ፊት ተቀምጦ ለአንድ ሰው ይለውጠዋል፤ ኮይ ይለቀቅ፣ ወደ ሚስቱና ልጁ ይመለስ። ዘመኑን ማዳን አልቻለም፣ ለአንዲት ጥርሷ የተተከለ ሴት ግን ባሏን አስመለሰላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭጋግ ነው። ዶክ በሌሊት አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ ባሕሩ የላከው ጭጋግ ይወድቅበታል፣ ምልክቶቹ አይታዩም፣ መውጫዎቹ ይጠፋሉ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይጠጋጋሉ። እያንዳንዱ ሹፌር ከፊቱ ያለውን ቀይ መብራት ይዞ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለውም የእሱን ይዞ ይከተላል፣ ማንም ማንን እንደሚመራ ሳያውቅ፣ ሳይነጋገሩ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ተራ። አንዳንዱ መውጫውን የደረሰ መስሎት ቀስ ብሎ ከሰልፉ ይወጣል። ዶክ ግን መውጫውን ቢያልፈው ምን እንደሚያደርግ ያስባል፤ ወደ ፊት መንዳት፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ፣ ወይም ጭጋጉ እስኪገለጥ፣ መንገድ ዳር ቆሞም አንድ ሰው ቆም ብሎ እስኪያነሣው።